በሰው ራስ ኮሚሽን አይበላም

ደላላነትን የምናንቋሽሽ ሰዎች አይደለንም። ከሞያሌ እስከ ኢስሊ ባለው መንገድ ያለ ደላላ ሱቅ የተከራየ፣ ያለ ደላላ መኪና ያስጫነ፣ ያለ ደላላ ሽልንግ የመነዘረ ከመካከላችን ማን አለ? ቋንቋ የሌለውን ቋንቋ ካለው ጋር አገናኝቶ፣ ሁለቱ ተስማምተው ሲለያዩ ድርሻውን የሚወስድ ሰው የላቡን ነው የሚበላው። ጫማው ተበላሽቶ ቢገኝ ይመለሳል፤ ባይመለስ በሚቀጥለው ጭነት ይካካሳል፤ እሱም ባይሆን ሽማግሌ ይቀመጣል። ስንቱን ጠብ በአንድ ስኒ ቡና ጨርሰነዋል።

የሰው ራስ ግን አይመለስም፣ አይካካስም። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በመካከላችን ቀስ ብሎ የገባ አንድ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከዲላ ራሰ በራነት ያስጨነቃቸውን ወንዶችና ግንባራቸው ወደ ኋላ የሸሸባቸውን ሴቶች «ናይሮቢ ላይ ፀጉር ይተከላል፣ እኔ አለሁ» ብሎ ማምጣት፤ ናይሮቢ ያለውንም ወገን «ኢስታንቡል በግማሽ ዋጋ» ብሎ አሳፍሮ መላክ፤ ከየራሱም ላይ ኮሚሽን መቁረጥ። ሥራውን የያዙት ባዕዳን ቢሆኑ ምናልባት ዝም ብለን ባለፍን። ግን ትናንት ዊግና ቅጥያ ፀጉር በጅምላ ስናከፋፍል አብረውን ካርቶን የተሸከሙ ልጆቻችን ናቸው። ፀጉር በግራም ሲሸጡ ቆይተው አሁን ፀጉር የሚበቅልበትን ራስ መሸጥ ጀመሩ።

በሚስቁትም አንስማማም። «ለፀጉር ብሎ ይሄን ያህል ገንዘብ? ምን ዓይነት ቅብጠት ነው!» የሚል ሰው ከመካከላችን አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜም ጎፈሬው ሙሉ የሆነ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው አናቱ የተገለጠ ወጣት፣ ሰርግ ቤት ኮፍያህን አውልቅ ሲባል ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሹሩባ እየተጠበቀ ሲሠራላት ኖሮ በጆሮ ግንዷ በኩል ያለው ፀጉር ተነቅሎ የቀረባት እህታችን ሻሿን በባሏ ፊት እንኳ አታወልቅም። እነዚህ ሰዎች ሐኪም ዘንድ ልሂድ ማለታቸው ትክክል ነው። የእኛ ጥያቄ፣ ሐኪም ዘንድ ደርሰዋል ወይ ነው።

ሥራው እውነተኛ ሕክምና ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሾጂ ኦኩዳ ፀጉር ያለበትን ቆዳ በክብ መብሻ እያወጡ ፀጉር ወደሌለበት ቦታ መትከልን እ.ኤ.አ. በ1939 ጽፈውበት ነበር፤ የዓለም ጦርነት መጣና ጽሑፋቸው ከአገራቸው ውጭ ሳይታወቅ ብዙ ቆየ። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ የቆዳ ሐኪሙ ኖርማን ኦሬንትራይክ በ1952 በራ ለሆኑ ወንዶች መትከል ጀመሩ፤ ውጤቱንም በ1959 አሳተሙ። የደረሱበት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ከማጅራት በኩል የተነሣ ፀጉር አናት ላይ ቢተከልም የማጅራት ጠባዩን ይዞ ይቀጥላል። የአናቱ ሲረግፍ የማጅራቱ የማይረግፈው በተፈጥሮው ነውና፣ ቦታ ስለቀየረ ጠባዩን አይቀይርም። ዛሬ በናይሮቢም በኢስታንቡልም የሚሠራው ሁሉ በዚህ ግኝት ላይ የቆመ ነው።

በዚያ ዘመን የሚተከለው ግን በቁና ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዱ መብሻ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ያነሣል፣ የተተከለለትም ሰው የአሻንጉሊት ራስ ይመስላል። በ1988 ቴክሳስ ውስጥ ሐኪሙ ቦቢ ሊመር ቆዳውን በአጉሊ መነጽር እያዩ በተፈጥሮ እንደተቧደነው መለያየት ጀመሩ፤ ፀጉራችን አንድ በአንድ፣ ወይም ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሆኖ ከአንድ ቀዳዳ ነው የሚወጣው። በ2002 ዊልያም ራስማንና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ቡድኖች አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ መብሻ አንድ በአንድ ከማጅራት ማውጣትን አሳተሙ። ሐኪሞቹ ግራፍት የሚሉትን እኛ እዚህ ችግኝ እንበለው። ሥራው በእርግጥም ችግኝ ማፍላትና ማዛወር ይመስላል።

ነጋዴ የሆነ ሰው የሚከተለውን በቀላሉ ይረዳዋል። ማጅራት ካፒታል ነው። ከእሱ የወጣ ችግኝ በቦታው ሌላ አይበቅልም። ከአንድ ሰው በዕድሜ ልኩ በደህና ሊወጣ የሚችለው ጥቂት ሺህ ችግኝ ነው፤ ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ማጅራቱ ብል እንደበላው ጋቢ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ስንት ይተከልልኛል?» አይደለም። ዋናው ጥያቄ «ዛሬ ስንት አውጥቼ ለነገ ስንት ላስቀምጥ?» ነው። የ23 ዓመት ልጅ ግንባሩ ገና መሸሽ ሲጀምር እንደ አሥራ አምስት ዓመቱ ዝቅ አድርገው ቢተክሉለት፣ የተተከለው ይቆያል፣ ከኋላው ያለው የራሱ ፀጉር ግን መርገፉን ይቀጥላል። አርባ ሲሞላው ፊት ለፊት ቀጭን ደሴት፣ ከኋላዋ በረሃ። የሚሞላበት ካፒታል ደግሞ አልቋል። እንዲህ ላለው ልጅ ጥሩ ሐኪም «አሁን አይሆንም፣ መጀመሪያ በመድኃኒት እንየው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመለስ» ይለዋል። መድኃኒቱም እኛው በሻንጣ የምናመላልሰው ሚኖክሲዲል ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ሆኖ የመጣው። ሰው ተመልሶ ሲሄድ ሐኪሙ የሚያጣው የአንድ ቀን ገቢ ነው። ደላላው የሚያጣው ኮሚሽኑን በሙሉ ነው። እንግዲህ «አይሆንም» የምትለውን ቃል ከማን አፍ እንጠብቅ?

ሹሩባ ላነቀለባት እህታችንም ነገሩ እንዲሁ ነው። ፀጉሩን የሚጎትተው ነገር ካልቆመ የተተከለውም ተጎትቶ ይነቀላል። መጀመሪያ መለየት ያለበት ደግሞ የረገፈበት ምክንያት ነው። ላሽ ነው? ቆረቆር ነው? ከአናት መሃል ተነሥቶ ቆዳውን እያጠባሰ ወደ ዳር የሚሰፋው፣ በጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው በሽታ ነው? ወይስ የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ችግር? በሚያጠባስ በሽታ ላይ፣ በሽታው ሳይበርድ ችግኝ መትከል በሚነድ ማሳ ላይ ዘር መዝራት ነው። ይህን ለመለየት ራሷን በመነጽር ማየት፣ ደም መመርመር፣ አንዳንዴም ከቆዳው ቁራጭ ወስዶ ማስመርመር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለች ሰው ለዚህ ናይሮቢ ድረስ መምጣት አያስፈልጋትም፤ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ከጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈውታል። ደላላው ግን በዋትሳፕ በተላከች አንዲት ፎቶ «3,000 ግራፍት ያስፈልግሻል» ይላታል። በየትኛው መነጽሩ አይቶ?

ሌላም አለ። ፀጉራችን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከመካከላችን ለስላሳም ዞማም፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ የተጠቀለለም አለ። የተጠቀለለ ፀጉር ከቆዳ በላይ ብቻ አይደለም የሚጠቀለለው፤ ሥሩም ከቆዳ በታች እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። መብሻው ቀጥ ብሎ ከገባ ሥሩን ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠ ሥር ደግሞ ቢተከልም ላይበቅል ይችላል። ካሊፎርኒያ የሚሠሩት ትውልደ ናይጄሪያዊው የቆዳ ሐኪም ሳኑሲ ኡማር ለዚህ ለተጠቀለለ ፀጉር የሚሆን የራሳቸውን መብሻ ሠርተው ያስተዋወቁት ችግሩ እውነት ስለሆነ ነው። በተጨማሪም ከመካከላችን ጆሮዋን ተበስታ ጠባሳው እንደ ባቄላ ያበጠባት አለች፤ እንዲህ ያለ ቆዳ በማጅራት ላይ ሁለት ሺህ ጊዜ ሲበሳ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ሰው ያስፈልጋል። ለስላሳ ፀጉር ብቻ ሲሠራ የኖረ እጅ፣ ኢስታንቡልም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ለእኛ ፀጉር በራሱ ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ የሐኪሙ ሥራ የቱ ነው፣ የረዳቱስ የቱ? ይህ በግምት የሚነገር ነገር አይደለም። በ1993 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የፀጉር ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አቋሙን በግልጽ አስቀምጧል። በሽተኛውን መርምሮ በሽታውን መለየት፣ ዕቅዱን ማውጣት፣ የግንባሩን መስመር መንደፍ፣ ችግኙን ከማጅራት ማውጣት፣ የሚተከልበትን ቀዳዳ መክፈት፣ ድንገተኛ ችግር ሲመጣ ማከም፤ ይህ ሁሉ ፈቃድ ያለው ሐኪም በራሱ እጅ የሚሠራው ነው። ችግኙን መለየትና በተከፈተው ቀዳዳ ማስገባት የሠለጠነ ረዳት በሐኪሙ ቁጥጥር ሊሠራው ይችላል። ያው ማኅበር ያለ ሐኪም የሚሠራውን የጥቁር ገበያ ንቅለ ተከላ ለመዋጋት ዘመቻ ከፍቷል፤ በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ደግሞ አባላቱ በእንዲህ ያለ ቦታ የተበላሹ ራሶችን በነፃ የሚጠግኑበት ቀን አለ። የተበላሸ ራስ መጠገኛ ቀን እስኪሰየም ድረስ ስንት ራስ ተበላሽቶ ይሆን?

እኛ የምንሰማው ከዚህ የራቀ ነው። አንድ ወንድማችን የነገረን እንዲህ ነው፤ የቤቱን ስም አንጠራም። ግድግዳው ላይ ነጭ ካባ የለበሱ ሐኪም ፎቶ አለ። ሐኪሙ ገብተው አምስት ደቂቃ ያህል አነጋገሩት፣ በእስክሪብቶ ግንባሩ ላይ መስመር አሠመሩና ወጡ። ከዚያ በኋላ ስድስት ሰዓት ሙሉ የሠራው ጓንት ያጠለቀ ወጣት ነበር፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር ጓንቱን እያወለቀ ወጥቶ ይመለሳል። ወንድማችን «ዳክታሪ የት ሄዱ?» ብሎ ሲጠይቅ ደላላው «ከጎን ክፍል ናቸው» አለው። ከጎን ባሉት ክፍሎች ደግሞ ሌሎች ሦስት ሰዎች በደረታቸው ተኝተው ነበር።

ሒሳብ የእኛ ሙያ ነውና እንቁጠረው። አንድ ሰው 2,500 ችግኝ ይወጣለታል እንበል። ለአንዱ አምስት ሰከንድ ብቻ ብንሰጥ 12,500 ሰከንድ ነው፤ ያለ ዕረፍት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። 2,500 ቀዳዳ መክፈት ለእያንዳንዱ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ሌላ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይጨምራል። ምርመራው፣ ማደንዘዣው፣ ዕረፍቱ ሳይታሰብ የሐኪሙ እጅ ብቻ ለአንድ ሰው ወደ አምስት ሰዓት ይፈልጋል። በአንድ ቀን አራት ሰው የሚተክል ሐኪም እንግዲህ በቀን ሃያ ሰዓት እጁን ሳያነሣ የሚሠራ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሐኪም የለም። ያለው ፎቶው ነው። ፎቶውን ናሙና አሳይቶ ሌላ ዕቃ ማስረከብ በእኛ ገበያ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን።

«ልጁ ከሐኪሙ የበለጠ እጁ ፈጣን ነው፣ በሺህ የሚቆጠር ሠርቷል» የሚሉ አሉ። ይሆናል። የወጣቱን እጅ አንንቅም፤ ብዙዎቹ በላባቸው የሚያድሩ፣ ከሚከፈለው ገንዘብ ጥቂት የሚደርሳቸው ልጆች ናቸው። ግን ስድስት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ የእጅ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ራስ ቆዳው በሊዶካይን ይደነዝዛል፤ ደም እንዳይበዛ አድሬናሊን ይጨመርበታል፤ ሕመሙ ሲመለስ ይደገማል። መጠኑ በሰውየው ክብደት የሚሰላ ነው። ሲበዛ አፍ ይደነዝዛል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ከዚያ ማንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ልብ። በዚያች ደቂቃ ፈጣን እጅ ምን ያደርጋል? ሌሊቱን ሚራ ሲቅም ያደረ ሰው፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አልጋው ላይ ሲወጣ ይህን ጠይቆ «ዛሬ አንሠራም» ማለት ያለበትስ ማነው? (ሚራውን መቼም አንክድም፤ ከሞያሌ አውቶብስ የሚወርድ ሰው ምን ሲያመነዥግ እንደመጣ ይታወቃል።)

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። በሕንድ ቼናይ ከተማ በ2016 የሕክምና ትምህርቱን ሊጨርስ የተቃረበ ወጣት ፀጉር ሊያስተክል ገብቶ በቀናት ውስጥ ሞቷል፤ ቤቱ የነበረው የሳሎን ፈቃድ እንደነበር በኋላ ተገለጠ። የሕክምና ተማሪ ያላወቀውን የእኛ የጨርቅ ነጋዴ በምን ያውቃል? እዚሁ ናይሮቢም በ2024 መጨረሻ ወራት አንዲት ሴት ስብ የማስወጣት የውበት ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ ሞታ፣ የኬንያ የሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች ምክር ቤት ክሊኒኩ እንዲዘጋ አዟል። ፀጉር አልነበረም፤ በዚያም ሥራ ግን «ውበት» የሚለው ቃል ቀዶ ሕክምናን እንደ ጥፍር ቀለም ያቀልለዋል። በ2015 በጊቱራይ ያለ ፈቃድ ክሊኒክ ከፍቶ ሴቶችን «ሲያክም» የነበረው ሰው በቴሌቪዥን ሲጋለጥ ጎረቤቱ ሁሉ ዶክተር እያለ ይጠራው ነበር።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያንገበግበን እንምጣ። ቋንቋ።

እኛ በሁለት ቋንቋ የምንኖር ሰዎች ነን። ኪስዋሂሊና እንግሊዝኛ የቻለ ሰው ላልቻለው አፍና ጆሮ ሆኖ ኖሯል፤ ፖሊስ ጣቢያ፣ ኢሚግሬሽን፣ ሆስፒታል። ይህ ከጥንት የወረስነው ወግ ነው፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም ነበር። አሁን ግን ሐኪሙ ፊት ለማስተርጎም የሚቀመጠው ያው ኮሚሽን የሚያገኘው ሰው ሆነ። ሐኪሙ «ጠባሳ ሊተው ይችላል» ሲል «ምንም የለውም» ብሎ ይተረጉማል። ሰውየው «የስኳር በሽታ አለብኝ» ሲል «ደህና ነኝ ይላል» ብሎ ይመልሳል። የስምምነቱ ወረቀት በእንግሊዝኛ አራት ገጽ ነው፤ «እዚህ ጋ ፈርም» ተብሎ ይፈረማል። ሐኪሙ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ የሰማው ነገር ሐሰት ነው፤ በሽተኛውም የፈረመው የማያውቀውን ነው። በሁለቱ መካከል ምላሱን የሸጠ የእኛ ልጅ ተቀምጧል። ጉምሩክ ላይ ዕቃን በሌላ ስም ማስመዝገብ የሚያስቀጣን ከሆነ የሰው በሽታን በሌላ ስም ማስመዝገብስ?

በዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣ መልስ አለ፤ «እኔ ባላመጣው ማን ያመጣዋል? መንገዱን አያውቅ፣ ሰው አያውቅ፣ ብቻውን መጥቶ ይዘረፋል።» ልክ ነው፣ ይዘረፋል። እንግዲያው አምጡት። ከአውቶብስ ተቀበሉት፣ ማረፊያ አሳዩት፣ እንጀራ የሚበላበት ቤት አድርሱት፣ ለዚህም የድካማችሁን ከእሱው በግልጽ ተቀበሉ፣ ማንም አይፈርድባችሁም። ከክሊኒኩ ግን በየራሱ አትቀበሉ። ከክሊኒኩ የሚከፈለው ሰው የክሊኒኩ ሰው ነው፤ ሁለት ጌታ አንድ ሎሌ አይሆንም። ገንዘቡም ከሰማይ አይወርድም፤ ከበሽተኛው ክፍያ ላይ ተቀንሶ ነው፣ የተቀነሰው ደግሞ ከሐኪሙ ሰዓት ላይ ነው። ርካሹን ዋጋ የሚያስችለው ይኸው ነው፤ ውድ የሆነውን የሐኪም ሰዓት አውጥቶ በምትኩ ርካሽ እጅ ማስገባት።

የድንበሩን ነገር ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ከናይሮቢ ሞያሌ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሞያሌ አዲስ አበባም ከዚያ ብዙ አያንስም። የተተከለ ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣት ንክኪ ሊነቀል ይችላል፤ ሰውየውን ግን በማግስቱ አቧራ በሞላበት አውቶብስ፣ ራሱን ከወንበሩ ጋር እያጋጨ ይሰዱታል። መግል ቢይዝ ማርሳቢት ላይ ማንን ይጠራል? ቆዳው ቢጠቁር ያቤሎ ላይ ማን ያየዋል? ሐኪም ያከመውን እስኪድን ይከታተላል፤ የደላላው ቁጥር ግን ከሦስተኛው ቀን በኋላ አይነሣም። ሥራው ራሱም ለማምለጥ ይመቻል። የተተከለው ፀጉር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረግፋል፣ ይህ የተፈጥሮ ነው፤ ከሦስት ከአራት ወር በኋላ መብቀል ይጀምራል፤ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ዛሬ ተከፍሎበት ከዓመት በኋላ የሚከፈት ካርቶን ማለት ነው። እንዲህ ባለ ውል ጫማ እንኳ አንገዛም።

ስለዚህ ከወገኖቻችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሐኪሙ የተመዘገቡ መሆናቸውን፣ ፈቃዳቸው የዘንድሮ መሆኑን፣ ቤቱም ፈቃድ ያለው መሆኑን በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስም ጽፎ ማየት ለማንም ክፍት ነው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ይችላል። ቀብድ በኤምፔሳ ሲላክ በግለሰብ ቁጥር አይላክ፤ በሕክምና ቤቱ ስም በተመዘገበ ቲል ወይም ፔይቢል ይከፈል፣ ደረሰኙም ይያዝ። ሐኪሙን ፊት ለፊት «ከማጅራቴ የሚያወጡት እርስዎ ነዎት? ቀዳዳውንስ የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት? በዚያ ቀን ስንት ሰው ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሐቀኛ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። የሚቆጣ ከሆነ ቀብዱን ትቶ መውጣት ይሻላል፤ ከስረን እናውቃለን፣ ገንዘብ ተመልሶ ይገኛል።

ናይሮቢ ላይ ሥራቸውን የሚያከብሩ ሐኪሞች አሉ። ወንድማችንን ለሁለት ሰዓት መርምረው «ፀጉርህን ሳይሆን የእንቅርትህን ነገር እናክም» ብለው ያለ መርፌ የመለሱት አሉ። የደላላ ገበያ የሚጎዳው እነዚህንም ነው፤ ሐቀኛው አንድ ሰው ሲያይ ሌላው አራት ያስተኛል፣ ቲክቶክ ላይ የሚታየውም አራት ያስተኛው ነው። ለእነዚህ ሐኪሞች የምንላቸው ደግሞ ይኸው ነው፤ በር ላይ የቆመውን የእኛን ልጅ ኮሚሽን አትክፈሉ። አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ ካስፈለገ ጠይቁን፣ ከመካከላችን በነፃ የሚመጣ አይጠፋም። ስድስት ሰባት ሆነን ተራ ይዘናል፤ ከእኛ ማንም ከክሊኒክ አንዲት ሽልንግ አይቀበልም፣ የተቀበለ ከተገኘም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር አይደለም።

ለደላሎቹም ቀነ ገደብ አንሰጥም፣ ፖሊስም አንጠራም፤ ልጆቻችን ናችሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ሰው ይዛችሁ ክሊኒክ ስትገቡ ከእኛ አንዱ መጥቶ ወረቀቱን በአማርኛ ያነብለታል። የሚነበበውን ሰምቶ ከፈረመ የራሱ ፈቃድ ነው።

በመጨረሻ፣ አሁን ተሠርቶለት ቤቱ ተኝቶ ያለ ወገን ካለ፤ የተተከለበት ወይም የተወሰደበት ቦታ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ከተነሣ፣ መግል ከወጣ፣ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከጨመረ ደላላውን አትደውሉለት። ዛሬውኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ የሰጧችሁንም ወረቀትና የመድኃኒቱን ካርቶን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀት ካልተሰጣችሁም ሂዱ።